ኡቡንቱ ላይ ሚኒማይዝ የተደረገ መስኮት አይቆለፍም፣ በራሱም ብቅ አይልም

ሰኞ_ገበያ (ደሴ) · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለዚህ ቤት። እንደምን አመሻችሁ?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ላለ አንድ ፋርማሲ የሽያጭና የክምችት ፕሮግራም ሠርቻለሁ። በፓይተንና ኪዩቲ በሚባለው የመስኮት መሥሪያ ላይብረሪ ነው፣ በፓይሳይድ 6 በኩል። እስካሁን ሲናሞን የሚባለው ዴስክቶፕ ያለበት ሊኑክስ ሚንት ላይ፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነበር የሚሠራው። ያለ ኮሽታ። አሁን ባለቤቱ አዳዲስ ማሽኖች ገዛ። ኡቡንቱ 24.04 ጫንኩባቸው። ከዚያ ወዲህ ስልኬ አላርፍ አለ።

አንደኛው ችግር ይሄ ነው። ካሸሯ መስኮቱን ሚኒማይዝ ስታደርገው ፕሮግራሙ መቆለፍ አለበት። ሲመለስ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ጠረጴዛው ጋ የመጣ ሰው ሁሉ የቀኑን ሽያጭ እንዳያይ ነው። ሚንት ላይ ሁሌም ይቆልፋል። ኡቡንቱ ላይ አንዳንዴ ይቆልፋል፣ አንዳንዴ ምንም እንዳልተፈጠረ ተከፍቶ ይመለሳል።

ሌላው፣ ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበ መድኃኒት ሲኖር መስኮቱ በራሱ ብቅ እንዲል አድርጌ ነበር። አሁን አይልም። ላይ «ዝግጁ ነው» የምትል ኖቲፊኬሽን ብቻ ትመጣና ትጠፋለች።

ደግሞ ማክሲማይዝ ተደርጎ የነበረው መስኮት ከሚኒማይዝ ሲመለስ ትንሽ ሆኖ ነው የሚመጣው። ይሄኛው ሚንትም ላይ ነበር፣ ያኔ ማንም አላጉረመረመም።

ኮዱን በፎቶ አያይዣለሁ። ባለቤቱ «ያ አሮጌው ይሻለን ነበር» ማለት ጀምሯል። እስቲ አንድ በሉኝ።

የጦሳ_ልጅ (ደሴ) · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:35

አብሽር ወንድሜ። ቶሎ ኮድ ውስጥ አንግባ። መጀመሪያ በአሮጌውም በአዲሶቹም ላይ ተርሚናል ክፈትና «ኤክስዲጂ ሴሽን ታይፕ» የሚባለውን ቫሪያብል በኤኮ አሳየው። ምን ይላል?

ካሸሯስ ሚኒማይዝ የምታደርገው በምንድን ነው? ላይ ያለችውን ሰረዝ ተጭና ነው ወይስ በኪቦርድ?

ሰኞ_ገበያ (ደሴ) · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

አሮጌው «ኤክስ11» ይላል። አዲሶቹ «ዌይላንድ» ይላሉ።

ካሸሯን ደውዬ ጠየቅኳት። ሰው ሲበዛ በኪቦርድ ነው አለች፣ ሱፐርና ኤች። ረጋ ሲል በማውስ ሰረዟን። ይሄ ምን ያገናኘዋል?

የጦሳ_ልጅ (ደሴ) · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40

በደንብ ያገናኘዋል። ትንሽ ልዘርዝረው፣ ነገ ሌላ ሰውም ያነበዋል።

ኤክስ11ና ዌይላንድ ሁለቱም የፕሮግራሞችን መስኮት ስክሪን ላይ የሚያሳዩ ሥርዓቶች ናቸው። ኤክስ11 እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ነው። እዚያ ላይ ፕሮግራምህ ሚኒማይዝ መሆን ሲፈልግ ለሩት ዊንዶው (ከሁሉም ሥር ላለው ዋና መስኮት) መልእክት ይልካል። መስኮቶችን የሚያስተዳድረው ዊንዶው ማናጀር ይሰማና መስኮቱን ይደብቀዋል። ደብቆ ግን ዝም አይልም፣ መስኮቱ ላይ ምልክት ይጽፋል። «ደብሊውኤም ስቴት» የሚባለው ፕሮፐርቲ 1 ከሆነ መስኮቱ ክፍት ነው። 3 ከሆነ ሚኒማይዝ ሆኗል። «ሂደን» የምትል ሌላ ምልክትም ትጨመራለች። ኪዩቲ እነዚህን አንብቦ ለኮድህ ይነግረዋል። አንተ መቆለፊያውን ያንጠለጠልክበት የስቴት ለውጥ ኢቨንት የሚመጣው ከዚያ ነው። በኪቦርድ ይሁን በማውስ ምልክቱ ያው ነው።

ዌይላንድ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኤክስዲጂ ሼል የሚባለው ፕሮቶኮል ለሚኒማይዝ የሰጠህ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ «ሴት ሚኒማይዝድ»። ቀበሌ ማመልከቻ እንደማስገባት ቁጠረው። ታስገባለህ፣ ማኅተም ያረፈበት ኮፒ ግን አይመለስልህም። የፕሮቶኮሉ ጽሑፍ ራሱ ሳይሸፋፍን ነው ያስቀመጠው። መስኮቱ አሁን ሚኒማይዝ ሆኖ እንደሆነ የምታውቅበት መንገድ የለም። ከሚኒማይዝ አውጣኝ የምትልበት ጥያቄም የለም። ማክሲማይዝ ስትሆን ይነገርሃል። ፉልስክሪን ስትሆን ይነገርሃል። ፎከስ ስታገኝና ስታጣም ይነገርሃል። ሚኒማይዝ ብቻ ዝም ነው።

«አንዳንዴ ይቆልፋል» ያልከውም ከዚህ ይመጣል። ግኖም (የኡቡንቱ ዴስክቶፕ) ለዌይላንድ ፕሮግራሞች ታይትል ባር፣ ማለትም ስሙና ሰረዟ ያሉበትን የላይኛውን አሞሌ፣ አይስልም። የሚስለው ኪዩቲ ራሱ ነው። ካሸሯ ሰረዟን ስትጫን ክሊኩ በኪዩቲ እጅ ያልፋል፣ ስለዚህ ኮድህ ወሬ ሊደርሰው ይችላል። ሱፐርና ኤች ግን በቀጥታ ወደ ኮምፖዚተሩ (መስኮቶችን ስክሪን ላይ ወደሚያቀናብረው የግኖም ክፍል) ነው የሚሄደው። ፕሮግራምህ አጠገብ አያልፍም።

ሐይቅ_ዳር (ሐይቅ) · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:02

የጦሳ ልጅ ያለው ልክ ነው። እኔ ጋ ደግሞ ይብሳል። እኔ ኬዲኢ ፕላዝማ 6 የሚባለውን ሌላ ዴስክቶፕ ነው የምጠቀመው። እዚህ ታይትል ባሩን የሚስለው ኮምፖዚተሩ ኬዊን ነው። ሰረዟም ብትሆን የእሱ ናት። ስለዚህ እንዳንተ ዓይነት ኮድ እኔ ማሽን ላይ በኪቦርድም በማውስም አይቆልፍም። ቢያንስ አያወላውልም!

ያንን ትንሽ ሆኖ የሚመለሰውን እኔ ልንገርህ፣ ፎቶህ ላይ አየሁት። ስትመልሰው «ሾው ኖርማል» እየጠራህ ነው። ሾው ኖርማል ስሙም እንደሚለው ኖርማል ያደርገዋል። ማክሲማይዝነቱን ጭምር ያነሳዋል። ያለውን ስቴት ውሰድና የሚኒማይዙን ቢት ብቻ አውጣለት። የቀረው እንዳለ ይቆያል። ከዚያ «ሬይዝ» እና «አክቲቬት ዊንዶው»። የአንድ መስመር ለውጥ ነው።

ጋሼ_ሲናሞን (ወልድያ) · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:20

እንደምን አደራችሁ ልጆች።

እኔ ምን አስጨነቃችሁ እላለሁ። ኤክስ11 እያለ ምን አመጣው ይሄን? ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገለ ነገር ነው። ዌይላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 ተጀመረ፣ 1.0 ያሉት በ2012 ነው። ይኸው ዛሬም አንድ መስኮት ተደብቋል አልተደበቀም የሚለውን አይመልስም። ኡቡንቱ 24.04 ላይ እኮ መፍትሔው ቀላል ነው። ሎግ አውት ትላለህ። ስምህን ትነካለህ። የይለፍ ቃል ከመጻፍህ በፊት ከታች በቀኝ ጥርስ ያላት ክብ ምልክት ብቅ ትላለች። እሷን ነክተህ «ኡቡንቱ ኦን ዞርግ» የሚለውን ትመርጣለህ፣ ዞርግ ያው ኤክስ11 ነው። አለቀ። ካሸሯም አንተም በሰላም ታድራላችሁ።

የጦሳ_ልጅ (ደሴ) · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:15

ጋሼ፣ እንደምን አደሩ። ያሉት መንገድ ይሠራል፣ አልክድም። ለዛሬ ለነገም ይሆናል። ሁለት ነገር ግን ያሳስበኛል።

ኡቡንቱ 25.10 ላይ ያ ምርጫ ወጥቷል። የግኖም ሴሽን በዌይላንድ ብቻ ነው። 24.04 እስከ 2029 ድረስ ድጋፍ አለውና ጊዜ አለ። ግን ፋርማሲው ዛሬ ማሽን ገዝቶ የሚቀይረው መቼ ነው? ያ ኮምፒውተር ከሁላችንም በላይ ይቆያል።

ሌላው የደኅንነቱ ነገር ነው። ኤክስ11 ላይ አንዱ ፕሮግራም ሌላው መስኮት ላይ የሚተየበውን መስማት ይችላል። ስክሪኑንም ፎቶ ያነሳዋል። የፋርማሲ ካሸር የይለፍ ቃል በሚተየብበት ማሽን ላይ ይሄ አይመቸኝም። ዌይላንድ ፕሮግራሞችን አንዱን ከሌላው ሲለያይ የወሰነው ብዙ ነገር ያናድዳል። እኔንም ያናድደኛል። ግን ይሄኛው ላይ ከእሱ ጋር ነኝ።

ጋሼ_ሲናሞን (ወልድያ) · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:30

የኔ ልጅ፣ የይለፍ ቃሏን እኮ ሞኒተሩ ላይ ወረቀት ለጥፋ ይሆናል። ፋርማሲ አላየሁም?

ሰኞ_ገበያ (ደሴ) · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:00

ጋሼ 😂 ሞኒተሩ ላይ ሳይሆን ኪቦርዱ ሥር ነው። ዛሬ አስነሳዋለሁ።

ማክሲማይዙ ተስተካክሏል። ሐይቅ ዳር፣ እግዜር ይስጥልኝ እህቴ።

ግን እስከምጨርስ ድረስ ሙሉውን ሴሽን ሳልቀይር የእኔን ፕሮግራም ብቻ በኤክስ11 ማስነሳት አይቻልም?

የጦሳ_ልጅ (ደሴ) · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:25

ይቻላል። ዌይላንድ ሴሽን ውስጥ ኤክስ-ዌይላንድ የሚባል አለ። የድሮ ፕሮግራሞች የሚሠሩት በእሱ ነው። «ኪዩቲ ኪውፒኤ ፕላትፎርም» የሚባለውን ቫሪያብል «ኤክስሲቢ» አድርገህ አስነሳው። በዴስክቶፕ ፋይሉ ማስነሻ መስመር ላይ «ኢንቭ» ብለህ ከፊት ብትጨምረው ካሸሯ ምንም አታውቅም። በጂቲኬ (እንደ ኪዩቲ ያለ ሌላ ላይብረሪ) ፕሮግራም ለሚሠሩ ደግሞ «ጂዲኬ ባክኤንድ» ነው ስሙ።

እንደዚያ ሲሆን የግኖሙ ኮምፖዚተር ለመስኮትህ እንደ ኤክስ11 ዊንዶው ማናጀር ይሆንለታል። ምልክቶቹን ይጽፋል። የድሮው መቆለፊያህ ይመለሳል።

ሰኞ_ገበያ (ደሴ) · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:15

ሞከርኩት፣ ጭራሽ አልነሳ አለ። ኤክስሲቢ የሚባለውን ፕላጊን መጫን አልቻልኩም ይላል። ፓይሳይዱን በፒፕ (በፓይተን መጫኛው) ነው የጫንኩት። ስህተቱን በፎቶ ተመልከቱት።

ሐይቅ_ዳር (ሐይቅ) · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:40

እሱን እኔም ቀምሼዋለሁ። ከኪዩቲ 6.5 ጀምሮ ኤክስሲቢ ለመነሳት «ሊብ-ኤክስሲቢ-ከርሰር-ዜሮ» የሚባል ፓኬጅ ይፈልጋል። ፒፕ እሱን አያመጣውም። በአፕት (በኡቡንቱ መጫኛ) ጫነው፣ ትንሽ ነች፣ ዳታም አትበላም። የስህተቱን መልእክት እስከ ታች ብታነበው ስሟን ይጠቅሳል። እኔ ግን የላይኛውን መስመር ብቻ አይቼ ኪዩቲን በሙሉ እንደገና ያወረድኩ ሰው ነኝ፣ ያውም በሞባይል ዳታ 😅

አንድ ነገር ልብ በል። ስክሪኑን 125 ፐርሰንት አድርገህ ከሆነ በኤክስ-ዌይላንድ የሚነሳ ፕሮግራም ጽሑፉ ብዥ ይላል። የእኛ ፊደል ደግሞ ሲበዥ «ሰ»ና «ስ» አይለዩም። የመድኃኒት ስም ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ባቲ_ፕሪንት (ባቲ) · ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:30

ሰላም ጀመዓ። ወሬያችሁን ከጠዋት ጀምሮ እየተከታተልኩ ነው። የእኔ ደግሞ ሌላ ነው፣ አዲስ ክር ከመክፈት እዚሁ ልጠይቅ።

የፎቶ ኮፒና የማመልከቻ ቤት አለኝ። የሥራ ትዕዛዝ የምመዘግብበት ትንሽ ፕሮግራም በቲኪንተር (በፓይተን የመስኮት መሥሪያ) ሠርቻለሁ። መልኩ እንዲያምር ታይትል ባሩን አጥፍቼ የራሴን ሰርቻለሁ፣ የራሴ የሚኒማይዝ በተን ያለው። በተኑ ሲነካ «ኦቨርራይድ ሪዳይሬክት ፍላግ ስለበራ አይከን ማድረግ አይቻልም» የሚል ስህተት ይሰጠኛል። ሰኞ የገበያ ቀን ነው፣ ቤቱ ይሞላል። ካልኩሌተር ለመክፈት ብዬ ፕሮግራሙን ዘግቼ መክፈት ሰለቸኝ ወላሂ።

የጦሳ_ልጅ (ደሴ) · ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:55

አንተ ጋ ጥፋቱ የዌይላንድም የኤክስ11ም አይደለም። ኦቨርራይድ ሪዳይሬክት ስትለው «ዊንዶው ማናጀሩ እኔን አይንካኝ» ማለትህ ነው። ይሄ ለሜኑና ለቱልቲፕ የተሠራ ነገር ነው። ሚኒማይዝ የሚያደርገው ደግሞ ያው ዊንዶው ማናጀሩ ነው። አትንካኝ ያልከውን ሰው ደብቀኝ ልትለው አትችልም። ቲኬ (የቲኪንተር መሠረት) ይሄን አውቆ ቀድሞ ነው የሚከለክልህ።

በተኑ ሲነካ ፍላጉን አጥፋ፣ ከዚያ «አይከኒፋይ» ጥራ። ተመልሶ ሲመጣ የ«ማፕ» ኢቨንት ይደርስሃል፣ እዚያ ላይ ፍላጉን መልሰህ አብራ። ቲኬ ሊኑክስ ላይ በኤክስ11 ብቻ ነው የሚሠራው፣ ኡቡንቱ ላይም በኤክስ-ዌይላንድ ነው የሚነሳልህ። ስለዚህ ኢቨንቱ ይመጣል።

ምክሬን ከፈለግክ ግን ታይትል ባሩን መልሰው። ፍላጉ ሲጠፋና ሲበራ መስኮቱ ብልጭ ይላል። አንዳንድ ዴስክቶፕ ላይ ደግሞ ከታስክባር ይጠፋል። ለውበት ብለህ የምትከፍለው ብዙ ነው።

ባቲ_ፕሪንት (ባቲ) · ረቡዕ፣ ከቀኑ 10:20

ታይትል ባሩ ይመለሳል። የውበት ነገር ለእኔ ሳይሆን ለደንበኛ ነበር፣ ደንበኛው ደግሞ ወረቀቱን እንጂ ስክሪኑን አያይም።

ኮምቦልቻ_ሰርኪዩት (ኮምቦልቻ) · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:45

እኔም ልቀላቀል። የመመረቂያ ፕሮጀክት ላይ ነኝ። ከአርዱዊኖ የሚመጣ የሙቀትና የንዝረት ዳታ በሦስት ገጽታ (3ዲ) የሚያሳይ ፕሮግራም ነው፣ በሲና ጂኤልኤፍደብሊው በሚባለው የመስኮት ላይብረሪ። መስኮቱ ክፍት እያለ ሸጋ ነው። ሚኒማይዝ ሳደርገው ዳታው ፋይል ላይ መመዝገቡን ያቆማል። ስመልሰው በመሃል ያለው ሁሉ የለም። አንዳንዴ ደግሞ ግኖም «ፕሮግራሙ ምላሽ አይሰጥም፣ ይገደል?» ብሎ ይጠይቀኛል። ኤክስ11 ላይ ግን ይመዘግባል።

አማካሪዬ ገመዱን ቀይር አለኝ። ቀየርኩት። ገመዱ አይደለም።

የጦሳ_ልጅ (ደሴ) · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:30

ገመዱ አይደለም 😂

ይሄኛው የምወደው ባግ ነው። እንዲህ ነው የሚሆነው። ዌይላንድ ላይ ፕሮግራምህ አንድ ፍሬም ስሎ ሲጨርስ ኮምፖዚተሩ «ቀጣዩን ሳል» እስኪለው ይጠብቃል። ፍሬም ኮልባክ ይባላል። መስኮቱ ሲደበቅ ኮምፖዚተሩ ያንን ጥሪ ማቆም ይችላል። ለማይታይ መስኮት ለምን ባትሪና ጂፒዩ ይባክን? ሐሳቡ ጥሩ ነው። አንተ ጋ ግን ቪሲንክ (ስዕሉን ከስክሪኑ ፍጥነት ጋር የሚያስማማው) በርቷል። ስለዚህ «ስዋፕ በፈርስ» የምትለው መስመር ላይ ፕሮግራምህ ጥሪውን ይጠብቃል፣ ጥሪው አይመጣም፣ እሱም አይነሳም። ያው አንድ ትሬድ (የሥራ መስመር) ነው አርዱዊኖውንም የሚያነበው። ስለዚህ ንባቡም አብሮ ቆመ።

«ምላሽ አይሰጥም» የሚለውም ከዚሁ ነው። ኮምፖዚተሩ «አለህ?» ብሎ ፒንግ ይልካል፣ ፕሮግራምህ «አለሁ» ብሎ ፖንግ መመለስ ነበረበት። ስዋፕ ላይ ተኝቷል።

ዋናው መፍትሔ ንባቡንና ምዝገባውን ወደ ሌላ ትሬድ ማውጣት ነው። ስዕሉ ቢተኛም ዳታው አይቆምም። ኤክስ11 ላይም ቢሆን እንደዚያ መሆን ነበረበት፣ እስካሁን ያዳነህ ዕድል ነው። ለጊዜው ግን ስዋፕ ኢንተርቫሉን ዜሮ አድርግና በራስህ ስሊፕ ፍጥነቱን ገድብ። ካልገደብከው ሲፒዩው ምድጃ ይሆናል። ኤስዲኤል የሚባለውን ተመሳሳይ ላይብረሪ የሚጠቀሙ ሰዎች ይሄን ያህል አይቸገሩም። ኤስዲኤል ራሱ በጊዜ ገደብ ነው የሚጠብቀው፣ ለዘለዓለም አይተኛም።

ኮምቦልቻ_ሰርኪዩት (ኮምቦልቻ) · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:50

ወይ ጉድ። ትሬዱን ዛሬ ማታ እጀምራለሁ፣ መብራት ካልሄደ።

ሌላ ጥያቄ። ንዝረቱ ከልክ ሲያልፍ መስኮቱን በ«ሪስቶር ዊንዶው» መመለስ ፈልጌ ነበር። አይመለስም። ጂኤልኤፍደብሊው ባግ አለው?

ሐይቅ_ዳር (ሐይቅ) · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:05

የለውም። ዶክመንቴሽኑ ላይ ራሱ ተጽፏል። ዌይላንድ ላይ አንዴ ሚኒማይዝ የሆነ መስኮት በሪስቶር አይመለስም፣ የኤክስዲጂ ሼል ዲዛይን ነው ይላል። ኤክስ11 የግድ ካስፈለገህ 3.4 ላይ ፕሮግራሙ ሲነሳ ፕላትፎርም መምረጥ ትችላለህ። ከዚያ በፊት ባሉት ኮምፓይል ሲደረግ ነበር የሚወሰነው።

ስዌይ የሚባለውን ኮምፖዚተር የሚጠቀም ጓደኛ ካለህ ደግሞ ሚኒማይዙንም አይሰማልህም። እዚያ ሚኒማይዝ የሚባል ነገር የለም፣ ጥያቄህን ዝም ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ በተኑን ነክቶ ምንም ካልሆነ ኮድህን አትፈትሽ።

ሰኞ_ገበያ (ደሴ) · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3:10

እንግዲህ የእኔም ሁለተኛው ጥያቄ ይሄው ነው። መድኃኒቱ ጊዜው ሊያልፍ ነው። መስኮቱ መምጣት አለበት። በራሱ መምጣት ካልቻለ ምን ይደረግ? ካሸሯ ሌላ ሥራ ላይ ሆና ሊያመልጣት ነው እኮ።

የጦሳ_ልጅ (ደሴ) · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4:00

መጀመሪያ እስቲ በካሸሯ ቦታ ሁን። ለአንድ ሰው ደረሰኝ እየጻፈች ነው። በመሃል መስኮት ብቅ ብሎ ኪቦርዱን ይወስድባታል። የምትጽፈው ቁጥር የሌላ መድኃኒት ብዛት ላይ ያርፋል። ድሮም ሚንት ላይ ይሄ እየሆነ እንዳልነበር በምን ታውቃለህ? ኮምፖዚተሩ የከለከለህ ለዚህ ነው። ያቺ «ዝግጁ ነው» የምትለዋ ኖቲፊኬሽንም «ፕሮግራምህ ልምጣ ብሏል፣ አልፈቀድኩም» ማለቷ ነው።

ዌይላንድ ላይ መስኮት ለማምጣት ቶክን (የፈቃድ ኮድ) ያስፈልጋል። ኤክስዲጂ አክቲቬሽን ይባላል። ቶክኑ የሚገኘው ሰው የሆነ ነገር ሲነካ ነው። ስለዚህ መስኮቱን አታምጣ፣ ኖቲፊኬሽን ላክ። አጣዳፊነቱን «ክሪቲካል» አድርገው። ግኖም ላይ ክሪቲካል የሆነ ኖቲፊኬሽን ካሸሯ እስክታየው ድረስ አይጠፋም። እሷ በተመቻት ጊዜ ስትነካው በዲባስ (ፕሮግራሞች መልእክት በሚለዋወጡበት መስመር) በኩል ቶክን ይመጣልሃል። ቶክኑን «ኤክስዲጂ አክቲቬሽን ቶክን» በሚባለው ቫሪያብል ላይ አስቀምጥና የዊንዶውን «ሪክወስት አክቲቬት» ጥራ። ኪዩቲ 6 ከዚያ ያነበዋል። መስኮቱ ከሚኒማይዝም ቢሆን ይነሳል፣ ምክንያቱም አሁን የጠራው ሰው ነው።

መቆለፊያውን በተመለከተ ደግሞ ከሚኒማይዝ ጋር ያለውን ዝምድና ቁረጠው። አንተ የምትፈልገው ማወቅ «ካሸሯ ፕሮግራሙን ትታዋለች?» የሚለውን ነው። ይሄን ዌይላንድ ይነግርሃል፣ በፎከስ። ፎከስ ሲሄድ ሰዓት ቆጣሪ አስጀምር። ትንሽ ቆይቶ ካልተመለሰ ቆልፍ። ፎከስ እያለም ማንም ካልነካው ቆልፍ። ሌላ መስኮት ከላይ ሲሸፍነው፣ ሚኒማይዝ ሲሆን፣ ወደ ሌላ ዎርክስፔስ ስትሄድ፣ ሁሉንም ይሸፍንልሃል። የድሮው ኮድህ እኮ ካሸሯ ሚኒማይዝ ሳታደርግ ተነስታ ብትሄድ አይቆልፍም ነበር።

ሐይቅ_ዳር (ሐይቅ) · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4:20

እዚህ ላይ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2023 ኤክስዲጂ ሼል ላይ «ሰስፔንድድ» የሚባል ስቴት ተጨምሯል። መስኮቱ እየተሳለ አለመሆኑን ይነግርሃል፣ ተሸፍኖም ይሁን ስክሪን ተቆልፎ። ሚኒማይዝ ነው ብሎ አይነግርህም፣ ግን ቪዲዮ ለማቆም፣ ግራፍ መሳል ለማቆም በቂ ነው። ጂቲኬ ከ4.12 ጀምሮ አለው። ለመቆለፍ ግን እኔም ፎከሱን እመርጣለሁ።

ጋሼ_ሲናሞን (ወልድያ) · ሐሙስ፣ ከቀኑ 8:10

ክርክሩን ትቼ ልጠይቃችሁ፣ እስካላችሁ ድረስ።

በሲ፣ በቀጥታ በኤክስሊብ (በኤክስ11 የራሱ ላይብረሪ) የጻፍኩት የክፍለ ጊዜ ድልድል ማውጫ ፕሮግራም አለኝ። ዘመኑ ሩቅ ነው። ስሙን በአማርኛ ነው የሰጠሁት። ሚኒማይዝ ሳደርገው ታስክባሩ ላይ ስሙ የማይነበብ የላቲን ኮተት ይሆናል። ውስጡ ያለው አማርኛ ግን ደህና ነው። ፎንት ጫንኩ፣ ለውጥ የለም።

ሐይቅ_ዳር (ሐይቅ) · ሐሙስ፣ ከቀኑ 8:35

ጋሼ፣ ፎንት ቢሆን ባዶ ሣጥን ነበር የሚያዩት። ኮተት ከሆነ የኢንኮዲንግ ጉዳይ ነው። ስሙን «ኤክስ ስቶር ኔም» በሚባለው ነው የሰጡት አይደል? እሱ «ደብሊውኤም ኔም» የሚባለውን የድሮ ፕሮፐርቲ ይሞላል፣ እሱ ደግሞ የሚነበበው በላቲን ፊደል ነው። «ኔት ደብሊውኤም ኔም» የሚባል ሌላ ፕሮፐርቲ አለ፣ በዩቲኤፍ-8 ነው። እሱን ይጨምሩለት። ታስክባሩ ሁለቱ ካሉ አዲሱን ያስቀድማል። ኤክስፕሮፕ የሚባለውን የፕሮፐርቲ ማሳያ አስነስተው መስኮቱን ቢነኩት ሁለቱንም ያሳይዎታል። ኤክስፕሮፕ የሚያየው የኤክስ11 መስኮቶችን ብቻ ነው፣ እርስዎ ጋ ደግሞ ሁሉም የኤክስ11 ነው፣ አይቸገሩም።

ጋሼ_ሲናሞን (ወልድያ) · ሐሙስ፣ ከቀኑ 9:15

ተነበበ! «የክፍለ ጊዜ ድልድል» ይላል፣ ልክ እንደጻፍኩት። ተባረኪ ልጄ።

ሰኞ_ገበያ (ደሴ) · ዓርብ፣ ከምሽቱ 1:30

ያለሁበትን ልንገራችሁ። መቆለፊያው በፎከስና በሰዓት ሆኗል። በሱፐርና ኤችም፣ በሰረዟም፣ ካሸሯ ተነስታ ስትሄድም ይቆልፋል። ኖቲፊኬሽኑ ክሪቲካል ሆኗል፣ ስትነካው መስኮቱ ይመጣል። ኤክስሲቢውን ከዴስክቶፕ ፋይሉ አውጥቼዋለሁ፣ ጽሑፉ እውነትም ብዥ ብሎ ነበር።

አንድ ቀረኝ። አልፎ አልፎ መስኮቱ ከሚኒማይዝ ሲመለስ ይታያል ግን አይነካም። ምንም በተን አይሠራም። ሃንግ አላደረገም፣ ሰዓቱ ይቆጥራል። ኮምቦልቻ ሰርኪዩት ላይ የደረሰው ይሆን ብዬ ነበር፣ ግን ሰዓቱ እየሄደ ነው።

የጦሳ_ልጅ (ደሴ) · ዓርብ፣ ከምሽቱ 1:50

ሰዓቱ ከሄደ ስዋፕ ላይ አልተኛም። «ይሸጥ?» ብሎ የሚጠይቅ ዳያሎግ አለህ አይደል? ሲፈጠር ፓረንት (ባለቤት መስኮት) ሰጥተኸዋል? ካልሰጠኸው ኮምፖዚተሩ ዳያሎጉ የማን እንደሆነ አያውቅም። ለእሱ ሌላ ራሱን የቻለ መስኮት ነው። ካሸሯ ዋናውን ስትመልስ ዳያሎጉ ከኋላ ይቀራል ወይም ተደብቆ ይቆያል። ሞዳል (መልስ ሳያገኝ ሌላውን የማያስነካ) ስለሆነ ግን ዋናውን አስሮታል። ዶኩ ላይ ያለውን ምልክት በቀኝ ክሊክ ንካው፣ ሁለት መስኮት ይዘረዝርልሃል።

ሰኞ_ገበያ (ደሴ) · ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:05

ሁለት ነው። አንዱ «ይሸጥ?» ይላል።

ፓረንት ሰጠሁት። አሁን አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይመለሳሉ። ነገ ፋርማሲው ሲዘጋ ሁለቱም ማሽን ላይ እጭነዋለሁ።